የረገፉ ሕዋሳትን ያነበቡት ሐኪም

ፓፕ ስሚር የሚባለውን የማህፀን በር ምርመራ ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ፓፕ የሚለው ቃል ግን የመድኃኒት ወይም የመሣሪያ ስም አይደለም። የአንድ ሰው ስም ሲያጥር ነው። ሰውየው ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው ይባላሉ። ትውልዳቸው ግሪክ፣ የሥራ ዘመናቸው አብዛኛው አሜሪካ፣ ውለታቸው ግን ለዓለም ሴቶች ሁሉ ነው። በዛሬው ዓምዳችን የእኚህን ሐኪም ሕይወት አወጋችኋለሁ። የመረጥኳቸው ለታሪካቸው ብቻ አይደለም። ከማህፀን የሚወጣ ደም መቼ የጤና፣ መቼ ደግሞ የሕመም ምልክት እንደሆነ ከእርሳቸው ሥራ ተነስቶ ማስረዳት ስለሚቀል ነው።

ፓፓኒኮላው የተወለዱት እ.አ.አ በ1883 ኤቪያ በምትባለው የግሪክ ደሴት፣ ኪሚ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸውም የእርሳቸውን ፈለግ እንዲከተል ይፈልጉ ነበር። ወጣቱ ጆርጅ በአቴንስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው እ.አ.አ በ1904፣ በ21 ዓመታቸው ተመረቁ። የውትድርና ግዴታቸውን ከተወጡ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲንከባከቡ ቆዩ። ልባቸው ግን በምርምር ላይ ነበር። ስለዚህ ወደ ጀርመን አቅንተው በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.አ.አ በ1910 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። በዚያው ዓመት አንድሮማኪ የተባለችውን የአገራቸውን ልጅ አገቡ። በኋላ ሁሉም ሜሪ እያለ የሚጠራት ይህች ሴት በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት።

ከዚያ በኋላ በሞናኮ የባሕር ምርምር ተቋም ጥቂት ሠሩ። የባልካን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በሕክምና መኮንንነት አገራቸውን አገለገሉ። ጦርነቱ እንዳበቃ እ.አ.አ በ1913 ባልና ሚስቱ ተያይዘው ኒው ዮርክ ገቡ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ የሚቀበላቸው ዘመድም ሆነ የሚጠብቃቸው ሥራ አልነበረም። የሁለት ዲግሪ ባለቤት የሆኑት ሐኪም በአንድ ትልቅ መደብር ምንጣፍ ሻጭ ሆኑ፤ ማታ ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ቫዮሊን ተጫወቱ፤ በግሪክኛ ጋዜጣ ቢሮም በጸሐፊነት ሠሩ። ሜሪም በዚያው መደብር ቁልፍ ሰፊ ሆነች። ሰው አገር ሄደው በተማሩበት ሳይሆን ባገኙት ሥራ ኑሮን የጀመሩ ወገኖቻችን ይህን ሕይወት ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ብዙም ሳይቆይ ዕድል ቀናቸውና በኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት፣ በዶክተር ቻርልስ ስቶካርድ ሥር በተመራማሪነት ተቀጠሩ። የሚያጠኑት ጊኒ ፒግ በምትባል፣ ከአይጥ ተለቅ ባለች ጭራ አልባ እንስሳ ላይ ነበር። ለጥናታቸው የእንስሳዋ እንቁላል ከእጢው የሚወጣበትን ሰዓት አስቀድመው ማወቅ ነበረባቸው። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም ምልክት የላትም። በግምት እየገደሉ ማየት ደግሞ ብዙ እንስሳት ይጨርሳል። ፓፓኒኮላው አንድ ቀላል ነገር አሰቡ። የሴት ልጅ ማህፀን በየወሩ ደም የሚያፈስ ከሆነ፣ የዚህች ትንሽ እንስሳ አካልም ለዓይን የማይታይ አንድ ነገር በየጊዜው ማፍሰስ አለበት አሉ። ለአፍንጫ ምርመራ በሚያገለግል ትንሽ መክፈቻ ተጠቅመው ከእንስሳዋ ብልት ጥቂት ፈሳሽ ወሰዱ፤ በመስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ።

ያዩት ነገር የቀሪ ሕይወታቸውን መንገድ ወሰነ። በፈሳሹ ውስጥ ከአካሏ የረገፉ ሕዋሳት ነበሩ። የሕዋሳቱ ቅርፅና ዓይነት ከቀን ወደ ቀን ይለወጣል፤ በ16 ቀን ገደማም ዑደቱ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። እንስሳዋን ሳይገድሉ፣ የረገፈውን ብቻ በማንበብ በውስጧ የሚሆነውን ማወቅ ተቻለ። ግኝቱ ከዶክተር ስቶካርድ ጋር እ.አ.አ በ1917 ታተመ።

ይህ ትንሽ የሚመስል ዘዴ ለሌሎች ትልቅ በር ከፈተ። እ.አ.አ በ1923 ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይሲ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከእንቁላል እጢ ያወጡትን ፈሳሽ እጢያቸው ለተወገደ አይጦች በመርፌ ሰጡ። ፈሳሹ መሥራት አለመሥራቱን ያረጋገጡት በፓፓኒኮላው መንገድ፣ የረገፉትን ሕዋሳት በማየት ነበር። ዛሬ ኢስትሮጅን የምንለው ሆርሞን መታወቅ የጀመረው እንዲህ ነው። እ.አ.አ በ1929 ደግሞ ጆርጅ ኮርነርና ዊላርድ አለን የተባሉ ሳይንቲስቶች እንቁላል ከወጣ በኋላ በእጢው ላይ ከሚቀረው ቢጫ አካል የሚመነጨውን ሁለተኛ ሆርሞን ለዩ። እርሱም ፕሮጄስትሮን ተባለ።

ሕዋሳት በሆርሞን ትእዛዝ ሲኖሩና ሲሞቱ

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ከታሪኩ ትንሽ ወጣ ብለን እነዚህ ሁለት ሆርሞኖች በማህፀን ውስጥ ምን እንደሚሠሩ እንይ። ማህፀን ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። የሽፋኑ የታችኛው ንብርብር ቋሚ ነው፤ እንደ ሥር ይቆጠራል። የላይኛው ንብርብር ግን በየወሩ የሚበቅልና የሚረግፍ ነው።

የወር አበባ እንዳበቃ የእንቁላል እጢዎች ኢስትሮጅን ያመነጫሉ። ኢስትሮጅን የሽፋኑን ሕዋሳት እንዲባዙ ያዛል፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ሞትን የሚከላከሉ ፕሮቲኖችም በዚህ ወቅት ይበረክታሉ። ሽፋኑ ከጥቂት ሚሊሜትር ተነስቶ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሊወፍር ይችላል። በዑደቱ አጋማሽ እንቁላል ሲወጣ ፕሮጄስትሮን ይጨመራል። የእርሱ ሥራ ሌላ ነው። መባዛቱን ይገታል፣ ሽፋኑን ያረጋጋል፣ ለሚመጣ ፅንስም ምግብና ማረፊያ ያሰናዳል። ኢስትሮጅንን ዘሪ፣ ፕሮጄስትሮንን ደግሞ አራሚና ጠባቂ አድርጋችሁ ብታስቡት ከእውነቱ አትርቁም።

ፅንስ ከተፈጠረ፣ ፅንሱ ራሱ በሚልከው ሆርሞን ቢጫው አካል ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋል። በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገውም ይህንኑ ሆርሞን ነው። ፅንስ ካልመጣ ግን ቢጫው አካል በ14 ቀን ገደማ ይከስማል፤ ሁለቱም ሆርሞኖች ያሽቆለቁላሉ። በዚህ ጊዜ የሽፋኑ ሕዋሳት የመኖር ፈቃዳቸው የተነሳ ያህል ነው። ብዙዎቹ በሥርዓት ራሳቸውን ያጠፋሉ። ይሸበሸባሉ፣ ይቆራረጣሉ፣ በጎረቤት ሕዋሳት ይዋጣሉ። ደም ሥሮችም ይኮማተራሉ፤ የላይኛው ንብርብር ይላቀቅና ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ የምንለው ይህ ነው። የታችኛው ንብርብር ግን ሳይነካ ይቆያል፤ ከእርሱም አዲስ ሽፋን ያቆጠቁጣል።

ይህ በሥርዓት የሚሆን የሕዋስ ሞት አፖፕቶሲስ ይባላል። ስያሜው የወጣው እ.አ.አ በ1972፣ ፓፓኒኮላው ካረፉ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ቃሉ የተወሰደው ከእርሳቸው ቋንቋ ከግሪክኛ ሲሆን፣ ቅጠል ከዛፍ መርገፉን ያመለክታል።

ይህን ማወቅ ለዕለት ኑሯችንም ይጠቅማል። በመርፌ የሚሰጥ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶች የወር አበባቸው ሲጠፋ ደሙ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ በሽታ ይሆንብናል ብለው ይሰጋሉ። በዚህ ስጋት መከላከያውን አቋርጠው ላልታሰበ እርግዝና የሚጋለጡ አሉ። እነዚህ መከላከያዎች ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ስላላቸው ሽፋኑን ስስ አድርገው ያቆዩታል። ያልበቀለ ሽፋን አይረግፍም፤ ስለዚህ የሚጠራቀም ደም የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም መታየቱም የተለመደ ነው። ደሙ ከበዛ ወይም ከቆየ ግን የጤና ባለሙያ ማየት አለበት።

ከጊኒ ፒግ ወደ ሰው

አሁን ወደ ፓፓኒኮላው እንመለስ። በእንስሳት ያዩት በሰውም ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። የመጀመሪያዋ ተመርማሪ ሚስታቸው ሜሪ ነበረች። ቁልፍ መስፋቱን ትታ በባሏ ቤተ ሙከራ ያለ ደመወዝ የምትሠራው ይህች ሴት፣ ለ20 ዓመታት ያህል በየዕለቱ ናሙና ሰጠች። ልጅ አልወለዱም፤ ሜሪ ዕድሜዋን ለዚህ ሥራ አዋለችው። ዛሬ የሴት ልጅ ዑደት ከቀን ወደ ቀን በሕዋሳት ላይ የሚያሳርፈውን ለውጥ የምናውቀው በከፊል ከእርሷ አካል ነው።

እ.አ.አ ከ1925 ጀምሮ ፓፓኒኮላው የሌሎች ሴቶችንም ናሙና ማጥናት ያዙ። ከእነዚህ መካከል የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ናሙና መጣላቸው። በመስታወቱ ላይ የተዛባ ቅርፅና ትልቅ፣ ጥቁር እምብርት ያላቸው ሕዋሳት ተበትነው አዩ። ጤነኛ ሕዋስ በጊዜው ይረግፋል፤ የካንሰር ሕዋስም ይረግፋል፤ ሁለቱ ግን አይመሳሰሉም። ሴቲቱ ገና ሕመም ሳይሰማት፣ ቢላ ሳይነካት፣ ካንሰርን ከሚረግፉ ሕዋሳት ማወቅ እንደሚቻል በዚያች ቅጽበት ገባቸው።

እ.አ.አ በ1928 ግኝታቸውን በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በተደረገ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። በዚያው ሰሞን ኦሬል ባቤሽ የተባለ የሮማኒያ ሐኪምም ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። ለእርሱም ሆነ ለፓፓኒኮላው ጆሮ የሰጠ የለም። የዘመኑ ሐኪሞች ከማህፀን በር ቁራጭ ሥጋ ወስዶ መመርመር እየተቻለ የተበታተኑ ሕዋሳትን መልቀም ምን ይጠቅማል የሚል አቋም ነበራቸው። ያልተረዱት ነገር ቢኖር ቁራጭ ሥጋ የሚወሰደው ቁስሉ ከታየ በኋላ መሆኑን ነው። የሕዋስ ምርመራ ግን ከቁስሉ በፊት ይቀድማል።

ፓፓኒኮላው አልተከራከሩም፤ ተስፋም አልቆረጡም። ወደ ማይክሮስኮፓቸው ተመለሱ። ከ10 ዓመት በላይ ከጠበቁ በኋላ፣ እ.አ.አ በ1939 ኸርበርት ትራውት ከተባሉ የማህፀን ሐኪም ጋር ተጣምረው በኒው ዮርክ ሆስፒታል የማህፀን ክፍል ከሚገቡ ሴቶች ሁሉ ናሙና መውሰድ ጀመሩ። ውጤቱ አከራካሪ አልነበረም። ሕመም በማይሰማቸውና ዓይን ምንም በማያይባቸው ሴቶች ላይ ሳይቀር ካንሰር ተገኘ። እ.አ.አ በ1941 ጽሑፋቸው፣ በ1943 ደግሞ መጽሐፋቸው ወጣ። የሕክምናው ዓለም ተቀበላቸው። ምርመራው በሥርዓት በተዳረሰባቸው አገሮች በማህፀን በር ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ምክንያቱም የማህፀን በር ሕዋሳት ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ለውጡ ከተገኘ በቀላሉ ይወገዳል።

ሐኪሙ እ.አ.አ በ1950 ላስከር የተባለውን ታላቅ የሕክምና ሽልማት ተቀበሉ። ለኖቤል ሽልማት ቢታጩም አላገኙትም። ዕረፍት የማያውቁ ሰው ስለነበሩ በ78 ዓመታቸው ማያሚ ከተማ ሄደው አንድ የካንሰር ምርምር ተቋም ለመምራት ተነሱ። ሥራውን እንደጀመሩ፣ እ.አ.አ በ1962 የካቲት ወር በልብ ድካም አረፉ። ተቋሙም በስማቸው ተሰየመ። አገራቸው ግሪክም ምስላቸውን በ10 ሺህ ድራክማ የገንዘብ ኖት ላይ አትማ አስታውሳቸዋለች።

ፓፕ የማያየው

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ዋና መልእክቴ እዚህ ላይ ነው። የፓፓኒኮላው ምርመራ በዋናነት የሚጠቅመው ለማህፀን በር ነው። የማህፀን በር ካንሰር መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ግን ሌላ በሽታ ነው። መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ሳይሆን ከላይ ያየነው የሆርሞን ሚዛን መዛባት ነው። የፓፕ ምርመራ ይህን ሁለተኛውን ካንሰር አንዳንድ ጊዜ ቢያገኘውም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ስለዚህ የማህፀን በር ምርመራዬ ንጹሕ ነው ብላችሁ ያለ ጊዜው የሚፈስን ደም ችላ አትበሉ።

ሚዛኑ የሚዛባው እንዴት ነው? ኢስትሮጅን ያለ ፕሮጄስትሮን ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲሠራ ነው። ዘሪው አለ፤ አራሚው ጠፋ ማለት ነው። ሕዋሳቱ ይባዛሉ፤ ሙቱ የሚላቸው ትእዛዝ ግን አይደርሳቸውም። ሽፋኑ እየወፈረ ይሄዳል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ይህ በተለይ በሚከተሉት ሴቶች ላይ ይታያል። ከመጠን በላይ የወፈሩ ሴቶች ለዚህ ይጋለጣሉ፤ ስብ ካረጡ በኋላም ቢሆን ኢስትሮጅን እንዲፈጠር ያደርጋልና። እንቁላል በየወሩ ስለማይወጣላቸው የወር አበባቸው ለወራት እየጠፋ የሚመጣ ሴቶችም አሉ። ማህፀናቸው እያለ ኢስትሮጅንን ብቻውን በመድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ። እ.አ.አ በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጡ ጥናቶች ይህን አደጋ ካሳዩ ወዲህ፣ ማህፀን ላላቸው ሴቶች ኢስትሮጅን ከፕሮጄስትሮን ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የሚወስዱ ሴቶችም ያለ ጊዜው ደም ካዩ ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው። መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ማቋረጥ የለባቸውም።

መልካሙ ነገር ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ አይመጣም። ካረጡ በኋላ ከታመሙት ሴቶች ከ10ሩ 9 ያህሉ ደም ያያሉ። በተቃራኒው ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ ሴቶች ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 ወደ 1 ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ደም ማየት የሞት ፍርድ አይደለም፤ ግን ሳይመረመር የሚታለፍ አይደለም። በሥራዬ የማገኛቸው አንዳንድ እናቶች ከዓመታት በኋላ ደም ሲያዩ የወር አበባቸው የተመለሰ፣ ወጣትነታቸው የታደሰ ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ በዚህ ዕድሜ ስለዚህ ማውራት ነውር ነው ብለው ከልጆቻቸው ይደብቃሉ። ለ12 ወራት የቆመ የወር አበባ ካረጡ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ ቡናማ ፈሳሽም ቢሆን፣ ሕመም ባይኖረውም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ሐኪሙ ማህፀኑን ይመረምራል፤ በአልትራሳውንድ የሽፋኑን ውፍረት ይለካል። ባረጠች ሴት ሽፋኑ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ የካንሰር ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። ከዚያ ከወፈረ ወይም ደሙ ከተደጋገመ በቀጭን ቱቦ ከሽፋኑ ጥቂት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጊዜ የተገኘ የማህፀን ሽፋን ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል።

ያላረጣችሁም ብትሆኑ የወር አበባችሁ የመጣበትንና የሄደበትን ቀን መዝግቡ። በሁለት የወር አበባ መካከል ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ፣ ደሙ ከ8 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ለወራት ጠፍቶ በብዛት ከመጣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ባሎችና ልጆችም ይህን ዓምድ አንብባችሁ ከሆነ፣ እናታችሁን ወይም ባለቤታችሁን ጠይቁ፤ ምርመራ ስትሄድም አብራችኋት ሂዱ።

ስለ ማህፀን በርም ቢሆን አገራችን ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በስፋት የሚታይ ካንሰር ነው። የፓፕ ምርመራ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚፈልግ፣ በብዙ ጤና ተቋሞቻችን በምትኩ የማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየት ዘዴ ይሠራበታል። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴቶች ጤነኛ ብትሆኑም ተመርመሩ። ኤች.አይ.ቪ በደማችሁ ያለባችሁ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የቫይረሱ መከላከያ ክትባትም በ2011 ዓ.ም 14 ዓመት ከሞላቸው ልጆች ተጀምሯል፤ ሴት ልጆቻችሁን አስከትቡ።

ፓፓኒኮላው ሌሎች እንደ ቆሻሻ ያዩትን ፈሳሽ ቁም ነገር ብለው በማንበባቸው ብዙ ሴቶችን ከሞት አተረፉ። እናንተም ሰውነታችሁ የሚልከውን ምልክት አትናቁት፤ ለሐኪም ለማሳየትም አትፈሩ። ጤናችሁ ይብዛ!